ይማም ያጠበልኝ ስር

ሳሩ መጣ፤ ይማም አልመጣም።

ያን ቀን ጋምቤላ ከተማ መሃል፣ ገበያው አጠገብ ቆሜ አይሱዙውን እጠብቅ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ይማም ከመንደር ሳር ያስጭናል፤ እኔ ከተማ ላይ ተቀብዬ ኒውላንድ ሰፈር የወተት ላም ላላቸው ሰዎች በባጃጅ አደርሳለሁ። ይማም ጋቢና ውስጥ መቀመጥ አይወድም። ጭነቱ ላይ ተጋድሞ ነው የሚመጣው። «ሳር ላይ የተኛ ሰው ወገቡን አያመውም» ይል ነበር። መኪናው ሲቆም ቀና ብዬ አየሁ፤ ጭነቱ ላይ ማንም የለም። ሾፌሩ ወረደ፤ በሩን ሳይዘጋ መሬት ላይ ተቀመጠ። ምን እንዳለኝ በቅደም ተከተል አላስታውስም። ጉድጓድ አለ። ወደቀ አለ። ወዲያው ነው፣ አልተሰቃየም አለ።

በማግሥቱ ቀበርነው። ሰው ብዙ ነበር። የእኛ የሰፋሪው ሰው ብቻ ሳይሆን ከጅረቱ ማዶ የአኙዋክ ጎረቤቶቻችንም መጥተው ነበር። ከእነሱ መካከል ኦኬሎ የሚባለው ሽማግሌ አፈር ሲያለብስ አካፋውን ለማንም አላቀበለም። «የእኔ ወንድም» ይል ነበር፤ «የእኔ ወንድም።» እኔም አለቀስኩ። ያን ጊዜ ያለቀስኩት ለቅሶ ንጹሕ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደዚያ አልቅሼለት አላውቅም።

እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ስለ ሞተ ሰው ሲጻፍ ደግ ደጉ ነው የሚጻፈው። እኔም እንደዚያ ለመጻፍ ሞክሬ ደጋግሜ ቀድጄዋለሁ። ውሸት ስለነበረ አይደለም። እውነት ነበር፤ ግን ግማሽ ነበር።

መንደራችን ከጋምቤላ ወደ ጎግ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። እንደ ሌሎቹ የሰፈራ መንደሮች ከስሙ ይልቅ በቁጥሩ ይጠራል። ወላጆቻችን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው እዚህ ሰፈሩ። እኔና ይማም የተወለድነው እዚሁ ነው። አባታችን የሞተው እኔ ገና ሳልጠነክር ስለሆነ ያሳደገኝ ይማም ነው። ትምህርት ቤት ከተማ የከተተኝ እሱ ነው። የፈተናው ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ፊቴን ሸፍኜ መንደር ስመለስ ደግሞ መንገድ ላይ ጠብቆ ማጭድ ሰጠኝ። «ሙሄ፣ ይሄኛው ፈተና መልሱ ሁሉ አንድ ነው፤ ሳር» አለኝ። ሳቅኩ። ያን ቀን የምስቅ አልመሰለኝም ነበር።

ሳሩን ወደ መንደራችን ያመጣው እሱ ነው። ብራካሪያ ይባላል። ለመኖ የሚተከል፣ መሬት ላይ የሚሰራጭ፣ ሲታጨድ ተመልሶ የሚያቆጠቁጥ ሳር ነው። ይማም ሌላ ወረዳ የመኖ ሳር የሚባዛበት ቦታ በቀን ሠራተኝነት ሲሠራ ቆይቶ አንድ ከረጢት ስር ይዞ ተመለሰ። ሰዎች ሳቁበት። «ሳር አገር ላይ ሳር ይተክላል» አሉት። እሱም አብሯቸው ሳቀ። በሁለተኛው ክረምት ግን የሳቁበት ሰዎች በሩ ላይ ነበሩ።

ሰው ሲመጣበት ደስ ይለው ነበር። መጀመሪያ ሳሩ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ጭብጥ ይዞ ወደ ላይ ይስባል። ሳሩ እምቢ ሲለው ፊቱ ይበራል። «አየህ? የተከበረ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ጎትተህ አታወጣውም» ይላል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ይቆፍራል።

ስለ አሰጣጡ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም። በእኛ መንደር ተክል የሚሰጥ ሰው ስሩን አያራግፍም። ሙዝም ይሁን ሸንኮራ፣ ሳርም ይሁን የበርበሬ ችግኝ፣ ከነአፈሩ ተቆፍሮ ከረጢት ውስጥ ይገባና በሁለት እጅ ይሰጣል። ራቁቱን ስር መስጠት ነውር ነው። ይህ ልማድ ከወሎ ይምጣ እዚህ ይጀመር አላውቅም። እናቴን ብጠይቃት፣ «እኛ ስንመጣ አፈራችንን ተራግፈን ነው የመጣነው። የተራገፈ ምን እንደሚሆን እናውቃለን» አለችኝ። ስንቱ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በወባ እንዳለቀ ታወራ ነበር። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ስር ሲሰጥ ከቤቱ ጋር ነው የሚሰጠው። ይማምም ለማንም ሲሰጥ እንዲሁ ነበር። የእሱ ደግሞ ከሌላው ይበልጣል፤ አፈሩን አብዝቶ፣ በርከክ ብሎ፣ መርቆ ነበር የሚሰጠው።

ኦኬሎ የመጣው በሦስተኛው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ማሽላና በቆሎ የሚያርስ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። አማርኛው አጭር አጭር ነው። ይማም ከመቀመጡ በፊት ጀመረው።

«አያ ኦኬሎ፣ ሳር ነው የምትፈልገው ላም?»

«ሁለቱም።»

«ሳር የሌላት ላም ምን ትባላለች?»

«እንጃ።»

«ዕዳ ትባላለች። ላም የሌለው ሳርስ?»

ኦኬሎ አሰብ አደረገ። «ይማም ይባላል» አለ።

ይማም መሬት ላይ እስኪንከባለል ሳቀ። እውነትም ያን ሁሉ ሳር ይዞ አንድ ላም አልነበረውም። ላም የነበራት ኒውላንድ የምትኖረው ደንበኛችን እትዬ አሪያት ናት። እሷም አኙዋክ ናት፤ ወተት ትሸጣለች፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ትዘምራለች። ይማም ሁለቱን አገናኛቸው። አሪያት ከላሞቿ አንዷን ለኦኬሎ ለርቢ ሰጠችው። እሱ ይመግባታል፤ ወተቱ የእሱ ይሆናል፤ የምትወልደው ጥጃ የጋራ ነው። አሪያት ላሟን ስትሰጥ ኦኬሎን አታውቀውም ነበር። ያመነችው ይማምን ነው። «ሳሩ የእኔ ሳር ነው፤ እኔን እንደምታምኚ እመኚው» አላት። ይህን ሲል አጠገቡ ቆሜ ነበር።

በዚያው ሰሞን ይማም አንዳንድ ያልለመደውን ነገር መሥራት ጀምሮ ነበር። ያኔ አስቆኝ ነው ያለፈው።

አንደኛው ዶሮ ማገድ ነው። ጠዋት የእናቴን ዶሮዎች ነድቶ ሳሩ ውስጥ ይዞ ይገባል። በዶማ አፈሩን ጫር ጫር ያደርግላቸዋል፤ እነሱ ይለቅማሉ። ሰዎች በመንገድ ሲያልፉ ይጣሩታል።

«ይማም፣ ከበግ ወደ ዶሮ ወረድክ?»

«ከእናንተ ልጆች እነዚህ ይሰሙኛል» ይላል።

ሌላው ደግሞ፣ ማሳው መሃል መሃሉ ላይ ቢጫ ቦታ መታየት ሲጀምር ከሁሉ አስቀድሞ እሱን ያጭደው ነበር። ከታጨደ በኋላ ቢጫ የነበረው ከአረንጓዴው አይለይም። ከርከሮ እየገባ ማሳውን ሲቆፍር ደግሞ አጥር አጠረ። ከርከሮ ምን ፈልጎ ነው ሳር ሥር የሚቆፍረው ብዬ አልጠየቅኩም። ጥርሱን ሊያጸዳ ነው ቢለኝ እንኳ የማምነው ይመስለኛል።

የልማት ሠራተኛዋ አንድ ቀን መጣች። ወጣት ናት፤ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ማሳውን ስትዞር አንዱ ቢጫ ቦታ ላይ ቆመች።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«ላም ሸንታበት ነው» አለ ይማም።

«ይህን ሁሉ?»

«ስኳር ሳይኖርባት አይቀርም።»

ሳቀች። ቦርሳዋ ውስጥ ትንሽ መቆፈሪያ ነበራት፤ እጇን ወደ እሱ ሰድዳ እንደነበር አይቻለሁ። ግን ሳቋ ሳያልቅ ይማም ማንጎ አስይዟት ወደ ደህናው የማሳው ጫፍ ወሰዳት። እኔም ከኋላ እየሳቅኩ ተከተልኩ።

ለኦኬሎ ስር በሰጠው ሳምንት ለእኔም እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ከሸለቆው ወዲያ ጅረቱ ዳር አባታችን የተወልኝ ቁራሽ መሬት ነበረኝ። እሺ አለኝ። ለመውሰድ ስሄድ ጅረቱ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። አጠገቡ የእናቴ የልብስ ሳፋ አለ። ስሩን አንድ በአንድ እያነሳ ውኃ ውስጥ ያራግፋል፤ ከዚያ አውራ ጣቱን በስሮቹ መካከል እያስገባ ያጥባል። የሕፃን እግር የሚያጥብ ይመስል ነበር። አፈር የሚባል አልቀረበትም። ነጭ፣ ቀጫጭን፣ ራቁቱን የቀረ ስር።

ቆሜ ቀረሁ።

«ለእኔ ሲሆን ራቁቱን?»

«ጭቃ ተሸክመህ እንዳትደክም ብዬ ነው።»

«ለአያ ኦኬሎ ከነአፈሩ ነው የሰጠኸው። ለጎረቤታችን ለዘሀራም፣ ለሁሉም።»

«እነሱ ጠንካሮች ናቸው» አለ፤ ቀና አላለም። «አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ ትከል። ደግሞ የእኔን ዶማ ይዘህ እንዳትሄድ። ከከተማ አዲስ ይዘህ ና።»

ዶማውን ነፈገኝ ማለት ነው፤ እንደዚያ ነው የገባኝ። ለእናቴ ነገርኳት። ማታ ራት ላይ አንስታበት፣ «ለባዳው ከነአፈሩ፣ ለእናትህ ልጅ ራቁቱን? አባትህ ቢሰማ ምን ይል ነበር?» አለችው። ይማም ለሁሉ ነገር መልስ ያለው ሰው ነው። ያን ጊዜ ግን እጁን እየታጠበ፣ «አብሽሪ፣ እማ» ብቻ አለ። እኔ ክረምቱን በሙሉ አኩርፌው ከረምኩ። ተቆጥቼም ቢሆን ተከልኩት።

ክረምቱ ጥሩ ነበር። የሁሉም ሰው ሳር አረንጓዴ ሆነ። ስሩ እየተበላም ቢሆን ሳር ዝናብ እስካለ ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ከላይ ለሚያይ ምንም ለውጥ የለውም። ይህን አሁን ነው የማውቀው።

ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲቆም የኦኬሎ ሳር በአንድ ሳምንት ውስጥ ገረጣ። የዘሀራም፣ ከይማም የወሰዱት ሁሉ፣ የይማም የራሱም። ኦኬሎ ላሟን ማሳው ውስጥ ለቋት አይቻለሁ። አንዴ ነጨት ስታደርግ ሳሩ ተያይዞ ተነሣ፤ እንደ ቁራጭ ሰሌን አፏ ላይ ተንጠለጠለ። ስሩ የለም። ላሟ ራሷ ግራ ገብቷት አፏን አራገፈች። ኦኬሎ ሄዶ ሳሩን ከአፏ አወጣው፤ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ መልሶ መሬት ላይ አስተካክሎ አነጠፈው። ተመልሶ የሚይዝ ይመስል በእግሩ ጠቅጠቅ አደረገው።

የእኔ ሳር ብቻ ቆመ። ሰዎች ጅረት ዳር ስለሆነ ነው አሉ። እኔም እንደዚያ መሰለኝ።

መንደሩ መሰብሰቢያችን በሆነው የማንጎ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። የሌሎቹን ሳር የዝናብ እጦት ገደለው ተባለ፤ የኦኬሎን ግን ኦኬሎ። ላሟ አጥንቷ ወጥቶ ስለነበር ሁሉም አይቷታል። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ ኦኬሎ እዚያው ተቀምጦ ሳለ፣ «ሰውየው የሚያውቀው ዓሣና ማሽላ ነው። ላም ማን ስጡት አላችሁ?» አለ። አንዳንዶች ሳቁ። ኦኬሎ ወደ ማንም አላየም፤ ወደ ይማም ብቻ አየ። ይማም የሳር አገዳ ያኝክ ነበር። ብዙ ቆይቶ፣ «ዝናቡ ቀደም ብሎ ነው የቆመው» አለ። ከዚያ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሰዉ ሁሉ ይማም ኦኬሎን ሊሸፍንለት ነው ብሎ አሰበ። እኔም አሰብኩ። እንዲያውም ኮራሁበት።

አሪያት ሰው ልካ ላሟን አስወሰደች። ያን ቀን ይማም ኦኬሎ ቤት ውሎ ነው የመጣው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እናቴ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው፣ «ሰው በሰው ፊት ላም ስትወሰድበት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት። ራት አልበላም።

ከዚያ በኋላ ከተማ የምንወስደው ከእኔ ማሳ የታጨደውን ነበር። በመጨረሻው ቀን ጭነቱ ላይ የተጋደመበትም የእኔ ሳር ነው።

ዝናብ ሲመለስ የይማምን ማሳ ቆፍሬ ከእኔ ማሳ ስር አምጥቼ ልተክልበት አሰብኩ። የእሱ ማሳ ባዶውን መቅረቱ ለእናቴም ለእኔም ከብዶን ነበር። መጀመሪያ ዶማውን ስመታ ነጭ ትል ወጣ። ወፍራም ነው፤ ራሱ ቡናማ፣ ሲነኩት ተጠቅልሎ ዝም ይላል። ሁለተኛ ስመታም አለ፤ በመታሁበት ሁሉ አለ። ልማት ጣቢያ ሄጄ ሠራተኛዋን ጠራኋት። በርከክ ብላ አፈሩን በእጇ ፈረካከሰችው።

«የጥንዚዛ ልጅ ነው» አለች። «ጥንዚዛዋ እንቁላሏን አፈር ውስጥ ትጥላለች። ይሄ ሲፈለፈል ስር እየበላ ያድጋል። ለዚህ ነው ወፍም ከርከሮም የሚከተለው።»

«ዶሮም?»

«ዶሮም ይለቅመዋል። ለምን?»

ዶማውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ካንዱ ማሳ ወደ ሌላው ራሱ ብዙ አይሄድም» አለች። «ከአፈር ጋር ነው የሚወሰደው። በስር፣ በዶማ። የአንተ እንዴት ተረፈ? ስሩን ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከዚሁ።»

«ከዚሁ ከሆነ...»

«አጥቦ ነው የሰጠኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ትሎቹን ጣለችና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

እኔ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ዶሮዎቹ፣ ቢጫውን አስቀድሞ ማጨዱ፣ ዶማዬን አትንካ ያለኝ፣ ሳፋው፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣብኝ። ያውቅ ነበር። አውቆ ለኦኬሎ ከነአፈሩ ሰጠው፣ መርቆ። አውቆ ለእትዬ አሪያት «እኔን እንደምታምኚ» አላት። አውቆ ማንጎው ሥር የሳር አገዳ እያኘከ ዝም አለ። ለእኔ ደግሞ አጠበልኝ። ክረምቱን ሙሉ ያኮረፍኩበት ነገር ለእኔ ያለው ፍቅር ነበር። ፍቅሩን ሳየው ደግሞ ሌላውን አብሬ ነው የማየው። አንዱን ከሌላው ለይቼ መያዝ አልቻልኩም።

ለምን እንዳደረገው ብዙ አስቤያለሁ። የሚጠቅመው ነገር አልነበረም፤ ስር በነጻ ነው የሚሰጠው። የሚመስለኝ ይህ ነው፤ ይማም ሰው የሚመጣበት ሰው ሆኖ ነበር። ማሳዬ ታሟል፣ ዘንድሮ አልሰጥም ቢል ያ በር ይዘጋል። ስሩን አጥቤ ልስጣችሁ ቢል ለምን ብለው ይጠይቁታል። ምናልባት ዶሮዎቹ ይጨርሱታል፣ ክረምቱ ያጥበዋል ብሎ ተስፋ አድርጎ ይሆናል። አላውቅም። ቢኖር እጠይቀው ነበር። ቢኖር ደግሞ አስቆኝ ያልፍ ነበር።

ለእናቴ ነገርኳት።

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም አትናገር። የሞተ ሰው ስሙ ብቻ ነው የቀረው። እሱንም ትቀብርብኛለህ?»

«የአያ ኦኬሎስ ስም?»

«ኦኬሎን እኔ አልወለድኩትም» አለች። ከዚያ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ አለቀሰች።

ኦኬሎ በሳምንቱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ለእናቴ ሰላምታ ሰጠ፤ ተቀመጥ ስትለው አልተቀመጠም። ወደ እኔ ዞረ።

«ሙሄ፣ ያንተ ሳር ደህና። ለእኔ ስር ስጠኝ። እንደገና እተክላለሁ።» ከዚያም፣ «ይማም ጥሩ ስር ሰጠ። የእኔ መሬት መጥፎ። አሁን ሌላ ቦታ እተክላለሁ» አለ።

እናቴ ከውስጥ ስታየኝ ይሰማኛል። እሺ ብዬ አጥቤ ብሰጠው ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር። ግን «የእኔ መሬት መጥፎ» ሲል ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ማለፍ አልቻልኩም። ወጣሁና ከአጥሩ ውጭ ይዤው ሄጄ ነገርኩት። እየተንተባተብኩ ነው የነገርኩት። ስለ ትሉ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ሳፋው። የገባው በአንድ ጊዜ አልነበረም። መጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ መነቅነቁን አቆመ።

«ላም ስትሄድ እሱ ከእኔ ጋር አለቀሰ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ያ ለቅሶ ምንድነው?»

«አላውቅም፣ አያ ኦኬሎ።»

ወደ መንገዱ ዞረ። ከዚያ፣ «ለአሪያት ንገር። አሁን ለእኔ ነገርክ። ለእሷም ንገር» አለኝ።

በማግሥቱ በአንድ መኪና ወደ ከተማ ሄድን። ጎን ለጎን ተቀምጠን አልተነጋገርንም። አሪያት ሳር ላደርስላት የመጣሁ መስሏት በሩን በሰፊው ከፈተችው። ኦኬሎን ከኋላዬ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። ሁሉንም እዚያው ደጃፍ ላይ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ወደ ኦኬሎ ሳይሆን ወደ እኔ ነበር የምታየው።

«ልጄ፣ ላምሽን ውሰጂ ያለኝ እኮ ይማም ነው» አለች። «ሳር ይዞ መጥቶ እዚህ ቆሞ፣ ኦኬሎ አልቻለበትም፣ ሳትሞትብሽ አስመጪያት አለኝ። እኔ በራሴ አላሰብኩም።»

ኦኬሎ ይህን ሰማ። ምናልባት ይማም ላሟ እንዳትሞት ብሎ ነው። ምናልባት እንዳትሞትና ነገሩ እንዳይጠየቅ ብሎ ነው። ላሟ ግቢው ውስጥ ነበረች፤ ሥጋ አድርጋለች። አሪያት እሷን እያየች፣ «ሳር ያለህ አንተ ብቻ ነህ። አንተ ውሰዳት» አለችኝ።

«ለአያ ኦኬሎ ትመለስ» አልኳት። «ሳሩን እኔ እያጨድኩ አቀርብለታለሁ፤ የራሱ እስኪደርስ። ስሩንም አጥቤ እሰጠዋለሁ።» ይህን ስናገር ደህና ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ኦኬሎ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። እጁ ከባድ ነው።

«ሙሄ፣ አንተ እውነት ተናገርክ። ጥሩ ነው። እኔ አንተን አልጠላም። ግን ከእናንተ ቤት ሳር ወደ እኔ ቤት አይመጣም።»

«የእኔ ንጹሕ ነው፤ ሠራተኛዋም አይታዋለች።»

«አዎ። አይመጣም።»

ከዚያ ወደ አሪያት ዞሮ፣ ስር ከሌላ ቦታ ፈልጎ ተክሎ፣ ሲይዝለት እንደሚመጣ ነገራት። እሷም ላሟን ለሌላ ሰው እንደማትሰጥ፣ እንደምትጠብቀው ነገረችው። የሚፈልገው ይህ ነበር፤ አገኘ። ስንመለስም ጎን ለጎን ነው የተቀመጥነው። መንደር ስንደርስ እንደ ሁልጊዜው በስሜ ጠርቶ ተሰናበተኝ።

ወሬው ለመንደሩ ሁሉ ተዳረሰ። ዘሀራ እናቴን ሰላም ማለት አቆመች። ሌሎች ደግሞ የተቀየሙት እኔን ነው። «ወንድሙን ከመቃብር አወጣው» አሉኝ። በሁለቱም አልፈርድም። እኔ ራሴ አንዳንድ ቀን ከነዚያ ጋር ነኝ፣ አንዳንድ ቀን ከነዚህ ጋር።

አሁን ክረምቱ ገብቷል። ስር የሚሰጥበት ጊዜ ይህ ነው። ሳሬ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። እናቴ በየዓመቱ እንደምታደርገው ከረጢቶቹን አጥባ አጥር ላይ አስጥታ ነበር። ዛሬ ማታ ከማሳ ስመለስ አንድ በአንድ ታነሳቸዋለች።

«ዛሬም ማንም አልመጣም?» አልኳት።

«መንገዱ ጭቃ ነው» አለች። ከረጢቶቹን አጣጥፋ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው።